አጋዥ ብዬ የሰየምኩት

ባለፈው ማክሰኞ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ቻምበርስ ሮድ ላይ ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ። ልጄ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስልክ ስታወራ እኔ ቀስ እያልኩ ገባሁ። መድኃኒቱ አልደረሰም፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ አሉኝ። ሽማግሌ ሰው አሥር ደቂቃ ሲሰጠው መደርደሪያ ያያል። የጥርስ ቡርሹን አለፍኩ፣ የቁስል ፕላስተሩን አለፍኩ፣ ከኮንዶሙ አጠገብ ስደርስ ግን በለስላሳ ቀለም ሳጥኖች የተደረደሩትን አየሁና ቆምኩ።

የድሮ ዕቃዎቼ ናቸው። ትልልቅ ሰዎች በመኝታ ቤታቸው፣ በገዛ ገላቸው የሚጠቀሙባቸው መጫወቻዎች። ያኔ መስኮቱ በጥቁር ወረቀት ከተሸፈነ ሱቅ በቀር የትም አይገኙም ነበር፤ ዛሬ ከጥርስ ሳሙና ጋር ጎረቤት ሆነዋል። አንዱን አነሳሁና መነጽሬን አስተካክዬ ጀርባውን ማንበብ ጀመርኩ።

"አባባ፣" አለችኝ አንዲት የአገራችን ልጅ። የፋርማሲውን ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች፣ ዓይኗን የምታሳርፍበት ጠፍቷታል። "ይቅርታ አባባ፣ ቫይታሚኑ በዚያኛው ረድፍ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"አይ... ይሄ እኮ ለሌላ ነገር ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ። ግን ይሄኛው ከምን እንደተሠራ አልጻፈም። ከምን እንደተሠራ የማይናገር ዕቃ እዚህ መቀመጥ የለበትም። ያኛውን ተመልከቺ፣ ሲሊኮን ብሎ በግልጽ ጽፏል።"

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። በዚያው ስሜ ተጠራ፣ መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ልጄ "ዋት ሃፕንድ፣ ዳድ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም ተብሎ የሚታለፍ ግን አልነበረም።

ነገሩ ሲጀመር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሱዳን መጥቼ ዴንቨር ውስጥ ስምንት ወር ሆኖኛል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ያለፈ የለኝም። ሥራ የምታፈላልግልን ሴትዮ አንድ ቀን ኮልፋክስ መንገድ ላይ "ቶይ ስቶር" ሰው ይፈልጋል አለችኝ። ቶይ መጫወቻ መሆኑን አውቃለሁ። ኳስ፣ አሻንጉሊት፣ በክር የሚጎተት መኪና በዓይኔ መጣብኝ። ከቶይ በፊት ያለችው "አዳልት" የምትለዋ ቃል ግን በጆሮዬ አልፋ ሄደች፤ ብትገባም ለአዋቂዎች ማለት እንደሆነች አላውቅም ነበር። አብረውኝ አንድ አፓርታማ ለሚኖሩት ሦስት ጓደኞቼ የልጆች መጫወቻ ሱቅ ተቀጠርኩ ብዬ አበሰርኩ። በደስታ ምሳ ጋበዙኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። መጋዘን ገብቼ አንድ ሳጥን ከፈትኩ። ባትሪ ይገባበታል፣ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። የእንቁላል መምቻ መሰለኝ። ይዤው ወጣሁና የሱቁን ባለቤት በእጄ የመምታት ምልክት እያሳየሁ "ኤግ?" አልኳት። ፓት ትባላለች፤ ፀጉሯ የነጣ፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ሴት። ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ልክ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚያስረዳ፣ በዝግታና በቁም ነገር ምን እንደሆነ ነገረችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚያው ሰዓት ጃኬቴን አንስቼ ልወጣ ነበር። ያስቀረኝ ፓት ራሷ ናት። ለረጅም ዘመን ሆስፒታል ነርስ ሆና ሠርታለች። ይህን ሱቅ የከፈተችው ሰዎች በማይሆን ዕቃ ራሳቸውን ጎድተው ሲመጡ አይታ ስለሰለቻት ነው። "እዚህ ማንም አይሳቅበትም፣ ማን እንደመጣም ውጭ አይነገርም። ያላነበብከውንም አትሸጥም፤" አለችኝ። ሦስቱ ሕጎቿ እነዚህ ናቸው። ማንበቡ ነው ያስፈራኝ።

እንዲህ ሆኖ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቴ ሳጥን ሆነ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ፓት አረንጓዴ ቃሪያ የፈሰሰበት ቡሪቶ የሚሉትን የሜክሲኮ ጥቅልል ቂጣዋን ስትበላ፣ እኔ የሳጥን ጀርባ እቆጥርላታለሁ። ሁሉም ሳጥን ላይ መጀመሪያ የሚመጣው "ዋሽ" የሚል ቃል ነው። እጠብ ማለት ነው። ለእኔ ግን በእኛው ቋንቋ ነበር የሚሰማኝ። ቤት ስመለስ ጓደኞቼ "ዛሬስ ምን ሸጥክ?" ይሉኛል፣ "አሻንጉሊት" እላቸዋለሁ። ሳጥኑ ዋሽ ይለኛል፣ እኔም እየታዘዝኩ ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ አወቅሁ። ሽታው አፍንጫ የሚመታ፣ ሲነኩት የሚያጣብቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ለገላ እንደማይሆን፤ ሲሊኮን፣ ብርጭቆና የማይዝግ ብረት ግን እንደሚሻሉ አወቅሁ። በኋላ በኩል ለሚጠቀም ሰው ግርጌው ሰፋ ያላለ ዕቃ አይሸጥለትም፤ ገብቶ ይቀርና ሰውየው ሆስፒታል ይሄዳል። በዚያ በኩል የዋለ ሳይታጠብ ወደ ፊት አይመጣም። ሁለት ሰው የሚጋራው ከሆነ ኮንዶም ይለብሳል፣ ለሌላው ሲሆን ይቀየራል። የተሰነጠቀ ይጣላል። ሲቀመጥ ባትሪው ይወጣል። የሚያደነዝዝ ቅባት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ፓት ራሷ ትነሳ ነበር። "ሕመም አፍ ነው፤ አፉን ብትዘጋው ምን እንደጎዳህ ማን ይነግርሃል?" ትል ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ የገና ጾም እንደገባ፣ ነገሩ መጣ። ሐሙስ ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፣ ከኤርፖርቱ በኩል አውሮፕላን ያጉረመርማል። በሩ ላይ ያለችው ደወል ጮኸች። ቀና ስል ነጠላቸውን በካፖርት ላይ ጣል ያደረጉ እትዬ አስካለ ቆመዋል።

እትዬ አስካለ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አርባ አምስት ቢሆናቸው ነው። ሲቆጡ ቄሱ ራሳቸው ዝም ይላሉ። ለካ ጓደኞቼ የምሠራበትን ነግረዋቸው፣ ለገና ለሕፃናቱ የሚሰጥ መጫወቻ ሊመርጡ፣ እኔንም ድንገት ሊያስደስቱኝ መምጣታቸው ነው።

"በለጠ! እንዴት ነህ ወንድሜ? ለሠላሳ ልጅ የሚሆን..." አሉና አቆሙ። ግድግዳውን አዩ። መደርደሪያውን አዩ። እኔን አዩ። አማተቡ።

"እትዬ አስካለ፣ ላስረዳዎት..."

"አትናገረኝ!" ብለው ዞረው ወጡ። ደወሏ ከኋላቸው ረጅም ጊዜ ጮኸች።

አለቀልኝ አልኩ። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስሜ ምን እንደሚሆን ታየኝ። ያኔ እኛ ጥቂት ነን፤ አንድ ሰው ከተጣለ የሚወድቅበት ሌላ ቦታ የለውም። ፓት ሻይ አፈላችልኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ደወሏ እንደገና ጮኸች። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ቁጣው የለም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ሲያስቡ ቆይተው ቤታቸው ደርሰው እንደተመለሱ በኋላ ነገሩኝ።

"በለጠ፣" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "አንተ እዚህ ያለውን ሁሉ ታውቀዋለህ?"

"አነባለሁ እትዬ።"

"በእናትህ አምላክ፣ ለሰው አትናገርም?"

"አልናገርም። የሱቁ ሕግ ነው።"

ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በሥራችን አውቀዋለሁ፤ ሐኪም የሚያዘው ነው፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ በየመጠኑ የተዘጋጁ፣ የሴትን ገላ የሚያፍታቱ ለስላሳ ዘንጎች። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ነገሩኝ። የማኅፀን በር ሕመም ይዟቸው በጨረር ታክመዋል። ድነዋል፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ግን ጨረሩ ገላውን አጥብቦታል፣ አድርቆታል፤ በዚህ ካላፍታቱት ጨርሶ ይጠብባል ብለዋቸዋል። ነርሷ ስታስረዳ እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባቸውም፣ የገባቸው ግማሽ አሳፍሯቸዋል። አስተርጓሚ ቢጠይቁ የሚመጣው የአገር ሰው ነው። መሳቢያ ውስጥ ደበቁት። አራት ወር ሆነው።

"ደምሴ ጠላሁት ብሎ ያስባል፣" አሉ። ደምሴ ባለቤታቸው ናቸው። "ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ሲያትል ወንድሙ ጋ ልሄድ ነው ይላል። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን እኮ ነው፣ በለጠ።"

ፓትን ጠራኋት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ፓት አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። በአማርኛ የማውቃቸው ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ስድብ ነው፣ ሌላው ደግሞ የለም። ላባቸው ያልቆመ ታላቅ እህት ፊት ምን ልበል?

"ይሄ... መሣሪያ..." አልኩ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። "መሣሪያ? ልተኩስበት ነው እንዴ?"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ፓት ምን እንደተባለ ሳታውቅ ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ቃሉ ራሱ መጣ።

"አጋዥ ነው እትዬ። የገላ አጋዥ።"

"አጋዥ፣" አሉ፣ እንደሚቀምስ ሰው። "እሺ። አጋዥ ይሁን።"

ከዚያ ሁሉም ቀለለ። ከትንሹ ይጀመራል፣ ሰውነት ሲለምድ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። "አዲስ ጫማ በአንድ ቀን ሩቅ መንገድ እንደማይሄዱበት ነው፤" አልኳቸው። ትንሽ መወጠር አለ፣ ሕመም ከመጣ ግን ይቆማል። ደም ካዩ ወይ ካልተሻለ ለሐኪሙ ይነገራል። ከመጠቀም በፊትም በኋላም በለብ ያለ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፣ ደርቆ ይቀመጣል። ማለስለሻ ሳይቀቡ አይሞከርም።

"ለጋ ቅቤ ባደርግበትስ?" አሉ።

አልሳቅሁም። ለፓት ተረጎምኩላት። ፓት ሁለት እጇን አነሳች፤ "ኖ! ኖ ባተር!"

"ምን አለች?"

"ቅቤ አይሆንም ነው የምትለው። ዘይትነት ያለው ነገር ውስጥ ይቀራል፣ ሌላ በሽታ ያመጣል። ኮንዶምም ይበጥሳል። ውኃ ያለበት ማለስለሻ ነው የሚሻለው።"

"ጾም ላይ መሆናችንንም ትወቅ፣" አሉ እትዬ አስካለ ኮስተር ብለው። ለቅቤው ይሁን ለሌላው አልጠየቅኳቸውም። "ሕክምና ነው እትዬ፣ መድኃኒት በጾም ይወሰዳል፤" አልኳቸው።

ማለስለሻውን ገዝተው ሲወጡ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። "የሌሎቹ ዋጋ ይረክሳል እኮ፣" አሉ። "የሐኪሙ ቢጠፋብኝ እነዚያ አይሆኑም?"

እዚህ ላይ ፓት ሳትነግረኝ ራሴ መለስኩ። "እትዬ፣ ቀይ ወጥ ያስቀመጡበትን የፕላስቲክ ዕቃ ያውቁታል? ቢታጠብ ቢታጠብ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሽታውም አይለቅም።"

"እሱማ አይለቅም።"

"የብርጭቆውስ?"

"አንዴ ሲያለቀልቁት ይጠራል።"

"እነዚያ ርካሾቹ እንደ ፕላስቲኩ ናቸው። የማይታይ ቀዳዳ አላቸው፣ የነካቸውን ይይዛሉ። የእርስዎ እንደ ብርጭቆው ነው።"

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓት ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሜሪካኖቹ ደንበኞቿ በቲማቲም ስጎ እያደረገች ስትናገረው እሰማት ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ሆኜ ደረቴ ይነፋል።

በሳምንቱ ግን ጋሽ ደምሴ መጡ። መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት መኪና ይነዳሉ፣ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ናቸው። ከትከሻቸው ላይ በረዶው አልረገፈም። ያንን ፎጣ ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። የማለስለሻው ቱቦ ተንከባሎ ወጣ፤ የሱቃችን ስቲከር ተለጥፎበታል።

"አንተ ነህ ለሚስቴ ይሄን የሸጥክላት?"

"ጋሽ ደምሴ፣ እዚህ ማን እንደመጣ አልናገርም።"

"አልናገርም? በእኔ ቦታ ላስቲክ ሰጥተሃት አልናገርም ትለኛለህ? እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ስምህን አጠፋዋለሁ!"

አንድ ቃል ብናገር እድን ነበር። ባለቤትዎ ታመዋል፣ ሐኪም ያዘዘው ነው፣ እኔ የለሁበትም ብዬ። ግን ያንን መናገር የእትዬ አስካለ እንጂ የእኔ አልነበረም። ዓይኔ ፎጣው ላይ ወረደ። በእጥፋቱ ውስጥ የሆስፒታሉ ወረቀት አለ፣ አራት ወር ተጣጥፎ የኖረ።

"ወረቀቱን አንብበውታል?" አልኩ።

"እንግሊዝኛ ነው።"

"ላንብብልዎት?"

ጋሽ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ መሆኔን ያውቃሉ። "አንተ?"

ወረቀቱን ዘረጋሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቃላቱ ከሳጥኖቼ የወጡ ነበሩ። ዋሽ። ዎተር። ስሎው። ስቶፕ። ፔይን። ያላወቅኳትን እየዘለልኩ፣ ያወቅኳትን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ለጋሽ ደምሴ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ከጨረር ሕክምና በኋላ ይላል። በየሳምንቱ ይህን ያህል ጊዜ ይላል። ይህ የሚደረገው የታመመው ገላ እንዲድን ነው፣ ባልና ሚስትም ተመልሰው እንዲገናኙ ይረዳል ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፤ "ፓርትነር" የምትል ቃል አለባት። ያቺን ቃል አውቃታለሁ፣ ከሳጥን ሁሉ ላይ ነበረች።

"ለታካሚዋ፣ ባለቤትሽ ቢያግዝሽ ጥሩ ነው ይላል፣" አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ማንበብ ባይችሉም ያቺን መስመር ፈለጓት። በጣቴ አሳየኋቸው። በረዶው ከትከሻቸው ቀልጦ ባንኮኒው ላይ ይንጠባጠባል።

"እኔ እኮ የጠላችኝ መስሎኝ ነበር፣" አሉ።

"ማን እንደመጣ አልናገርም ጋሽዬ።"

"ይሁን፣ አትናገር።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ስሙ ምንድን ነው ይሄ ነገር?"

"አጋዥ።"

"አጋዡ እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

"ወረቀቱ ሁለታችሁም ነው የሚለው።"

ፎጣውን እንደ ሕፃን ልጅ ልብስ በጥንቃቄ አጣጠፉት፣ ከጃኬታቸው ውስጥ ከተቱትና ወጡ። ፓት ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ አትሰማም፣ ግን ያ ቀን ካለፈ በኋላ ሳጥን አንብብልኝ ብላ አታውቅም።

ለገና ዋዜማ ኮሚቴው ተሰብስቦ አንዷ እናት "የወንድም በለጠ ሱቅ መጫወቻ ምን ሆነ?" ብላ ጠየቀች። መላው አዳራሽ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ አስካለ ዕቃ ማጠባቸውን ሳያቋርጡ "ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ለልጆች የሚሆን የለውም። ለትልልቅ ሰው ጤና የሚሆን ዕቃ ነው የሚሸጠው። ጨዋ ሱቅ ነው፤" አሉ። ማንም ደግሞ አልጠየቀም። እሳቸው ካሉት በኋላ ማን ይጠይቃል? ጋሽ ደምሴ በአጠገባቸው ቆመው ሳህን ያደርቁ ነበር። ከዚያ በፊት ሳህን ሲያደርቁ ያየ ሰው አልነበረም። ሲያትልም አልሄዱም። በየዓመቱ በዓል ሲመጣ እየደወሉ "አጋዡ፣ ደህና ነህ?" ይሉኝ ነበር። ሰው ቅጽል ስም እየመሰለው ይስቃል።

ጋሽ ደምሴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እትዬ አስካለ ሊትልተን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከፋርማሲው በተመለስኩ ማታ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ "ጻፈው፣" አሉኝ። "ስማችንን ቀይርና ጻፈው። እንደኔ መሳቢያ ውስጥ የደበቀች አትጠፋም።" ስለዚህ ጻፍኩት። በሕይወቴ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ መኪና ነድቻለሁ፣ ወለል ጠርጌአለሁ፣ ልጆቼን አስተምሬአለሁ። ልጆቼ ወጣትነትህ እንዴት ነበር ሲሉኝ ግን ይህን ነገር ሳልነግራቸው ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው የማፍርበት ምንም አላገኘሁበትም።

ትናንት ለሌላ መድኃኒት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ያቺ ልጅ ከሩቅ አየችኝና ሥራዋን ትታ መጣች። ግራ ቀኝ ተመለከተች።

"አባባ፣ ያኔ ያሉኝን ሳጥኖቹን ሁሉ አየሁ። ከምን እንደተሠራ ያልጻፉት ሦስት ናቸው። ለማናጀሬ ሪፖርት አደረግኩ፣ አነሳቸው።"

"ጎበዝ።"

ትንሽ አመነታች። "እናቴ ባለፈው ዓመት ታክማ ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ሰጥቷታል። ልነግራት እፈልጋለሁ፣ ግን አማርኛው ይጠፋኛል። ምን ብዬ ልጥራው?"

መድኃኒቴን ኪሴ ከተትኩ። አሁንም አሥር ደቂቃ ነበረኝ።

"አጋዥ በያት ልጄ፣" አልኳት። "ነይ፣ ቀጥሎ የምትያትንም ልንገርሽ።"